በከረን ግንባር ስለ ወደቀው ስለ ሱበዳር ሪችፓል ራም ሕይወትና ሞት

(ለከተማው ነዋሪዎችና ለሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አባቶች የተናገሩት ቃል በዚህች በከረን ከተማ በዐይን የሚታይ ነገር ሆኖ ይገኛል። በከተማው አጠገብ ያለውን የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች መቃብር የጐበኘ ሰው 440 መቃብር በረድፍ ተሰልፎ ያያል፤ ከእነዚህም ውስጥ 35ቱ የማን እንደ ሆኑ ስላልታወቀ ስም አልተጻፈባቸውም። በዚያው ቅጥር ውስጥ ደግሞ 285 ስሞች የተቀረጹበት አንድ መታሰቢያ ቆሟል። በዚህ መታሰቢያ ላይ ስማቸው የተጻፈው ሰዎች መቃብር የላቸውም። የሂንዱና የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ስለ ነበሩ፣ ሥጋቸው እንደ እምነታቸው ሥርዓት በእሳት ተቃጥሎ በዚህ ምድር ላይ የቀረው ስማቸው ብቻ ነው።

ከእነዚህ 285 ስሞች አንዱ የሱበዳር ሪችፓል ራም ስም ነው። የዚህ ሰው ሕይወት በምን ሁኔታ እንዳለፈና ሞቱም በዚህች ከተማ ለሚኖረው ሕዝብ ምን ትርጉም እንዳለው ማስታወስ የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ሪችፓል ራም በ1899 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሰሜን ሕንድ ባርዳ በምትባል መንደር ተወለደ። ይህች መንደር በዚያን ጊዜ በፓቲያላ መስፍን ግዛት ውስጥ ስትሆን ዛሬ በሃርያና ክፍለ አገር በመሐንድራጋር አውራጃ ውስጥ ትገኛለች። ወገኑ ጃት ከሚባለው ሕዝብ ነው። ጃቶች በአብዛኛው ምድር የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ፣ በሥራ የማይደክሙ ገበሬዎች ናቸው፤ ከቤተ ሰቡ አንዱን ልጅ ለእርሻ አስቀርቶ ሌላውን ለውትድርና መላክም በመካከላቸው የተለመደ ነገር ነበር። ሪችፓል ራምም ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በራጅፑታና ጠመንጃ ያዥ ክፍለ ጦር በ4ኛው ሻለቃ ጦር ውስጥ ሱበዳር ለመሆን በቃ።

ሱበዳር የማዕርግ ስም ነው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረው የሕንድ ሠራዊት ውስጥ ከተራ ወታደርነት የተነሣ ሕንዳዊ መጀመሪያ ጀማዳር፣ ቀጥሎ ሱበዳር፣ በመጨረሻም ሱበዳር ማጆር ይሆን ነበር። በሥርዓቱ ግን ከሁሉ በዕድሜ ከሚያንሰው እንግሊዛዊ መኰንን በታች ነበር። ይሁን እንጂ ወታደሩ ችግሩን የሚነግረው፣ ደብዳቤ ከአገሩ ሲመጣለት የሚያማክረው፣ በውጊያም ጊዜ ዐይኑን የሚጥልበት በሱበዳሩ ላይ ነበር። ሱበዳር የሚሆነው ሰው ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ የወታደሮቹን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ፣ በመካከላቸውም እንደ አባት የሚታይ ሰው ነው። ሪችፓል ራም ወደ ከረን በመጣ ጊዜ ዕድሜው 41 ዓመት ነበር፤ ይኸውም ከአብዛኞቹ ወታደሮቹ ይልቅ በዕድሜ የገፋ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከሕንድ የመጣ አንድ የገበሬ ልጅ በከረን ተራራ ላይ ለመሞት የበቃበትን ምክንያት ለመረዳት የዚያን ዘመን ሁኔታ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ኢጣልያ በሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (ጁን 10 ቀን 1940) ከጀርመን ጋር ተባብራ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ወዲያውም ከኤርትራ ወደ ሱዳን ተሻግራ ከሰላን ያዘች። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ነገሩ ተገለበጠ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ፣ በዚያው ሳምንት በጄኔራል ፕላት የሚታዘዘው ጦር ከከሰላ ተነሥቶ ወደ ኤርትራ ዘመተ። የዚህ ጦር ዋና ኀይል 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። የሪችፓል ራም ሻለቃ በ4ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ይህ ክፍለ ጦር ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በግብፅ በረሃ በሲዲ ባራኒ ተዋግቶ ድል ካደረገ በኋላ ወደ ሱዳን የተዛወረ ነው።

አቆርዳት በጥር 24 ቀን ተያዘች፤ በማግሥቱም ባሬንቱ ተለቀቀች። ከዚህ በኋላ ወደ አሥመራ ለመውጣት በከረን በኩል ማለፍ የግድ ሆነ። የከረንን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ሳይነገረው ይረዳዋል። ከቆላው የሚመጣው የመኪና መንገድና የባቡር ሐዲድ ሁለቱም በዶንጎላስ ገደል ውስጥ ያልፋሉ። ከገደሉ በአንደኛው ወገን ሳንቂል ከነተከታዮቹ ጫፎች ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን የዶሎጎሮዶክ ምሽግ፣ ከእርሱም አልፎ ፋለስቶህና ዘላሌ ቆመዋል። ኢጣልያኖች የገደሉን ቋጥኝ በፈንጂ አፍርሰው መንገዱን ስለ ደፈኑት ታንክና መኪና ማለፍ አልቻለም። በጫፉ ሁሉ ላይ መትረየስና መድፍ ተጠምዶ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው ወታደር ጥይቱንም ውሃውንም በትከሻው ተሸክሞ፣ በእሾህ ቍጥቋጦና በተፈረካከሰ ድንጋይ ላይ እየዳኸ፣ ሊተኩስበት ወደ ተዘጋጀ ጠላት መሄድ ነበረበት።

በፋለስቶህና በዘላሌ መካከል የተራራው ጀርባ ዝቅ የሚልበት አንድ መተላለፊያ አለ። ኢጣልያኖች አኳ ብለው ሰይመውት ነበር፤ ትርጉሙም ውሃ ማለት ነው። ይህ መተላለፊያ ከተያዘ የዶንጎላስን ገደል በጎን አልፎ ወደ ከረን ለመግባት ይቻላል ተብሎ ስለ ታሰበ፣ የራጅፑታና ወታደሮች በጥር 30 ቀን ሌሊት ለየካቲት 1 ቀን 1933 ዓ.ም. አጥቢያ (ፌብሩዋሪ 7 እና 8 ቀን 1941) ቦታውን እንዲያጠቁ ታዘዙ።

ሪችፓል ራም በዚያ ሌሊት ከፊተኞቹ ሻምበሎች የአንዱ ምክትል አዛዥ ነበር። የምክትል ቦታ እንደ ሥርዓቱ ከኋላ ነው፤ አዛዡ ቢወድቅ የሚተካው እርሱ ነውና። እርሱ ግን ከፊተኛው የመቶ ክፍል ጋር ካልሄድሁ ብሎ አጥብቆ ለመነ፤ ተፈቅዶለትም ወታደሮቹን እየመራ የመጀመሪያውን ምሽግ አስያዘ። በዚህ ጊዜ የሻምበሉ አዛዥ ቆሰለ። ሪችፓል ራም ትእዛዙን ተረክቦ የቀሩትን ሁለት የመቶ ክፍሎች ሰብስቦ ወደ መጨረሻው ቦታ ገሠገሠ። ተኩሱ የበረታ ስለ ነበር ብዙዎች በመንገድ ቀሩ። ከሪችፓል ራም ጋር ጫፉ ላይ የደረሱት 30 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በጨበጣ ገብተው ቦታውን በሳንጃ ያዙ።

ቦታውን ከያዙ በኋላ ግን በግራም በቀኝም የሚያግዛቸው ወገን እንደሌለ ታወቀ። ሠላሳው ሰዎች በጠላት መካከል ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት መቃረቢያ፣ ማለት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ኢጣልያኖች ቦታውን ለማስመለስ ስድስት ጊዜ አጠቁ። ስድስቱንም ጊዜ ተመለሱ። በመጨረሻ ጥይት እያለቀ ሄደ። በዚህ ጊዜ ሪችፓል ራም ያደረገው ነገር ከጀግንነቱ ጋር አስተዋይነቱን ያሳያል፤ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ለከንቱ ሞት አሳልፎ አልሰጠም። በከበባቸው ጠላት መካከል መንገድ እየሰነጠቀ ወደ ሻለቃው መልሶ አደረሳቸው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ በየካቲት 5 ቀን (ፌብሩዋሪ 12)፣ ያው ሻለቃ ያንኑ መተላለፊያ እንደ ገና እንዲያጠቃ ታዘዘ። ይህ ቀን ከፊተኛው ይልቅ የሚያስጨንቅ ነበር ማለት ይቻላል። ፊተኛው ሌሊት ሲሄዱ የሚጠብቃቸውን አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቁታል፤ የወደቁት ጓደኞቻቸውም በዚያው ነበሩ። ሪችፓል ራም ሻምበሉን እየመራ ከፊት ወጣ። ተኩሱ ብዙና ዒላማውን የማይስት ቢሆንም እርሱ ወደ ፊት መሄዱን አላቋረጠም፤ ሰዎቹም እርሱን እያዩ ተከተሉ። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ተቈርጦ እስኪሄድ ድረስ በዚህ ሁኔታ ገሠገሠ። ከወደቀም በኋላ ሌላ ቍስል ተጨመረበት። ተኝቶ ደሙ እየፈሰሰ በእጁ ወታደሮቹን ወደ ፊት ይጠቍም ነበር። በመጨረሻ ከአፉ የወጣው ቃል የታዘዙትን ቦታ እንደሚይዙት የሚያረጋግጥ ነበር። ይህን ተናግሮ ሞተ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ቦታው አልተያዘም። የአኳ መተላለፊያ በኢጣልያኖች እጅ ቀረ፤ ጄኔራል ፕላትም ጥቃቱን አቁሞ ተጨማሪ ጦርና ስንቅ እስኪደርስ ድረስ አንድ ወር ያህል ለመቈየት ተገደደ። ሁለተኛው ታላቅ ጥቃት በመጋቢት 6 ቀን ተጀመረ። በማግሥቱ 5ኛው ክፍለ ጦር የዶሎጎሮዶክን ምሽግ ያዘ፤ ከዚያም መሐንዲሶቹ በዶንጎላስ ገደል የተከመረውን ቋጥኝ በጥይት ሥር እያነሡ መንገዱን ከፈቱ። በመጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. (ማርች 27 ቀን 1941)፣ ሪችፓል ራም በሞተ በ43ኛው ቀን፣ ጦሩ ከረን ገባ። ከአምስት ቀን በኋላ አሥመራ፣ ከዚያም ምጽዋ ተያዙ። በሚያዝያ 27 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ይህ ሁሉ በተለያየ ግንባር የተፈጸመ ቢሆንም፣ የኢጣልያ ጦር ምርጥ ክፍል በከረን ከ50 ቀን በላይ ተይዞ እዚያው መድቀቁ ለሌላው ግንባር ሁሉ መንገድ እንደ ከፈተ የታሪክ ሰዎች ይስማማሉ።

እንግዲህ ሪችፓል ራም የድካሙን ፍሬ አላየም። የሠራው ሥራ ያልተፈጸመ መስሎ በታየበት ሰዓት ሞተ። ሰው በሕይወቱ ከሚያጋጥመው ፈተና ሁሉ ይህ ሳይከብድ አይቀርም። ቤት ሠርቶ ሳይገባበት፣ ዛፍ ተክሎ በጥላው ሳያርፍ የሞተ ሰው ለልጁ ይሠራል ይባላል። ይህ ሰው ግን የሞተው ለማያውቀው አገር ልጆች ነው። በከረን ገበያ ገብቶ አያውቅም፤ ከተማይቱንም ከተራራው ጀርባ ያያት ለመሆኑ ማስረጃ የለም።

የጀብዱው ዜና ከተመረመረ በኋላ በሰኔ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. (ጁላይ 4 ቀን 1941) ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለው የመጨረሻው የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን እንደ ተሰጠው ታወጀ። ይህ ኒሻን እስከ 1911 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ድረስ ለሕንዳውያን ወታደሮች አይፈቀድም ነበር። ለሪችፓል ራም የተሰጠውን ኒሻን የተቀበለችው ሚስቱ ናት፤ በሕንድ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ በክብር አስረከባት። ባሏ ወድቆ የቀረበትን ተራራ ግን ከዚያ ሆና ልታየው አልቻለችም። የእርሱ ሻለቃ ከሁለት ዓመት በኋላ በቱኒዝያ ተራሮች ሌላ የዚሁ ኒሻን ባለቤት አፈራ፤ ስሙም ቼሉ ራም ይባላል፤ እርሱም እንደ ሪችፓል ራም በውጊያው ላይ የሞተ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ሪችፓል ራም ኢትዮጵያንና ኤርትራን ከባዕድ አገዛዝ ለማላቀቅ በተደረገው ጦርነት ሲሞት፣ የራሱ አገር በባዕድ አገዛዝ ሥር ነበረች። ሕንድ ነጻነቷን ያገኘችው እርሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 9 ቀን 1939 ዓ.ም. (ኦገስት 15 ቀን 1947) ነው። ኤርትራም ብትሆን ኢጣልያ ከወጣች በኋላ እስከ 1945 ዓ.ም. (1952) ድረስ 11 ዓመት በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቈየች። ከዚያም ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቈራኘች፤ ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. (1962) ፈረሰ፤ ከረዥም ጦርነትም በኋላ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. (1993) ነጻ መንግሥት ሆነች። በዚህ ሁሉ ዘመን ባንዲራው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በመታሰቢያው ላይ የተቀረጹት ስሞች ግን ያው ናቸው። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ማክበር የላካቸውን መንግሥት ማወደስ አይደለም፤ ከላኪያቸው ዓላማ ይልቅ የእነርሱ መሥዋዕትነት ረዝሞ ኖሯልና።

ሁለተኛም ነገር አለ፤ ይህም ለከተማይቱ ሕዝብ ከፊተኛው ይልቅ የቀረበ ነው። በከረን ውጊያ ከጄኔራል ፕላት ጦር ከ500 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከ3000 በላይ ቈስለዋል። በኢጣልያ በኩል የሞቱት ግን በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አስካሪ የሚባሉት የዚሁ አገር ልጆች ነበሩ። አንዳንዱ ለደመወዝ፣ አንዳንዱ በግዴታ፣ አንዳንዱም አባቱ አስካሪ ስለ ነበረ የገባ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያወጁት አዋጅ በአውሮፕላን ሲበተንላቸው ብዙዎች የኢጣልያን ሰልፍ ትተው ወጡ። ያልወጡት ደግሞ ሪችፓል ራም ሲወጣ በነበረበት ተራራ ላይ ከጫፉ ወገን ሆነው ተዋግተው ሞቱ። በከረን በሚገኘው የኢጣልያ መቃብር ውስጥ የጄኔራል ሎሬንዚኒ መቃብር በስሙ ይታወቃል፤ ከብዙዎቹ አስካሪዎች መቃብር ላይ ግን የተጻፈው ያልታወቀ አስካሪ የሚል ቃል ብቻ ነው።

ይህን ነገር በጽሞና ማሰብ ይገባል። ከባርዳ መንደር የመጣው እንግዳ ስሙ፣ ማዕርጉና የሞተበት ቀን ተጽፎ ሲገኝ፣ በሰንሒት፣ በሐማሴን፣ በሠራዬና በአካለ ጉዛይ ተወልዶ እናቱ በዚያው አገር ያለቀሰችለት ወጣት ያለ ስም መተኛቱ የሚያሳዝን ነው። የሪችፓል ራም ስም የተረፈው በጀግንነቱ ብቻ አይደለም። የሻለቃው ጸሐፊ የሞተውን ሰው ሁሉ ስም፣ የአባት ስምና መንደር መዝግቦ ስለ ነበረ ነው፤ ከእርሱም ጋር የቀሩት 284ቱ የተረፉት እንደዚህ ባለ መዝገብ ነው። ያልታወቀ አስካሪ የተባለው ሰው ግን ለጌታው የሚያስፈልገው ቍጥሩ ብቻ ስለ ነበረ ስሙ ከእርሱ ጋር ተቀበረ።

ስለዚህ መታሰቢያ ሲባል ሐውልት ማቆም ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። የመታሰቢያ የመጀመሪያ ሥራ መመዝገብ ነው። ውጊያውን በዐይናቸው ያዩት ሰዎች ጥቂት ካልሆኑ በቀር አልፈዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን አያቴ በሳንቂል ቀረ፣ አጎቴ ከከረን ሳይመለስ ቀረ እያሉ ሲናገሩ ይሰማሉ። ይህ ቃል በየቤቱ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ቢጻፍ፣ ብዙ ወረቀትና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ በማን ሰልፍ እንደ ነበረ፣ ከቤት የወጣበት ዘመን፤ ይህ ይበቃል። በማንኛውም ወገን ይሰለፍ፣ ሟቹ የአንዲት እናት ልጅ ነውና በመዝገቡ ላይ ፍርድ መጻፍ አያስፈልግም።

ከሹማምንቱም የሚጠበቅ ነገር አለ። የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች መቃብር በኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ኃላፊነት ሥር ያለ ነው፤ ነገር ግን የሩቅ ኮሚሽን ያለ አገሩ ሰው ፈቃድ ምንም ሊጠብቅ አይችልም። ከብት እንዳይገባበት፣ ድንጋዩ ለቤት መሠረት ተብሎ እንዳይወሰድ፣ አጥሩ ሲፈርስ ወዲያው እንዲታደስ ማድረግ የከተማው ሰው ሥራ ነው። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ወስደው ስሞቹን ጮኽ ብለው ቢያስነብቡ፣ ከመጽሐፍ የሚገኘውን ያህል ትምህርት ያገኙበታል። በአንደኛው ድንጋይ ላይ የሙስሊም ስም፣ በሌላው የክርስቲያን፣ በመታሰቢያው ላይ ደግሞ የሂንዱና የሲክ ስም ሲያነቡ፣ ሰዎች በሃይማኖትና በቋንቋ ተለያይተው ሳለ በአንድ ትእዛዝ ሥር ጎን ለጎን መቆም እንደሚችሉ ይረዳሉ። ከረንም ራሷ ቢለንና ትግረ፣ ትግርኛና ዐረብኛ የሚነገርባት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በአንድ ከተማ የሚያድሩባት ስለ ሆነች ይህ ትምህርት ለልጆቿ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ክቡራን፤

ሱበዳር ሪችፓል ራም ሀብታም ሰው አልነበረም፤ የተማረም ሊቅ አልነበረም። የታዘዘውን ሥራ ከፊት ሆኖ የፈጸመ፣ ሰዎቹን ለማዳን ሲያስፈልግ ወደ ኋላ የመለሰ፣ እንደ ገና ሲታዘዝ ደግሞ ያንኑ መንገድ ያለ ማጕረምረም የወጣ ሰው ነው። የወጣበት መተላለፊያ ዛሬም በፋለስቶህና በዘላሌ መካከል ይታያል። በዚያ በኩል የሚያልፍ እረኛ ወይም መንገደኛ የዚህን ሰው ስም ቢያውቅ፣ ከጎኑ የወደቀውንም ያገሩን ልጅ ስም ከአባቱ ስም ጋር ሊጠራ ቢችል፣ የከረን ሕዝብ ለሙታኑ ሁሉ ያለበትን ዕዳ ከፈለ ማለት ይቻላል።